«ሲወጣ ነው የወፈረው»

የግዥ ሠራተኛችን ቀርከሃ የሚረከበው በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያ፣ ነበር። ወፍራም፣ አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ይገባል፤ ግራጫ የዛፍ ሽበት የያዘው «የተበላሸ» ተብሎ ይመለሳል። ለሆቴል ወንበር የታዘዘው ጭነት ከእንጅባራ ሲመጣ ግን ያመጡት አዛውንት አላስችል አላቸው። አንዱን አንስተው ከአንጓው ሥር በአውራ ጣታቸው አሹት። ነጩ ዱቄት ገና አልረገፈም።

«ልጄ፣ ባለፈው ሽበታሙን መለስክብኝ፤ የጠየቅከውን አመጣሁልህ። ግን ይኼ እኮ ዘንድሮ የወጣ ነው።»

«አባባ ደግሞ! ዘንድሮ ወጥቶ እንዲህ ይወፍራል?»

«ሲወጣ ነው የወፈረው።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም። ውፍረቱን ይዞ ከመሬት ይወጣል፣ ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል። የቀረው የውስጥ ሥራ ነው፤ ውሃው እየቀነሰ፣ ክሩ እየጠነከረ እስኪበስል ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። ይኼን ካሊፐር አያሳይም።

ጫፉንም የግዥ ሠራተኛው «ስስ ነው፣ ለማገዶ ይሸጥ» አለ። እርግጥ ስስ ነው። ግን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክሩ ይጠቀጠቃል። የታችኛው ክፍሉ ግድግዳው ወፍራም ቢሆንም ውሃ ይበዛዋል፣ በውስጥ በኩል ያለው ሥጋውም ለስላሳ ነው። ጥቂት ጫፍ ከማገዶው ክምር መልሼ ለመደገፊያ አዋልኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ወንበሮቹ ሆቴል ገብተው ብዙም አልቆዩ። እግሮቹ ሲደርቁ ተኮማትረው ከመጋጠሚያቸው ላሉ፣ አንዳንዶቹ ከአንጓ እስከ አንጓ ተሰነጠቁ። ከሥራቸው ደግሞ የነቀዝ ዱቄት ይራገፋል፤ ለነቀዝ ስታርች የሞላው ቀርከሃ ድግስ ነው። መደገፊያዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የተጻፈው ሪፖርት «የሙጫ ጥራት ጉድለት» ይላል። ሙጫ ሻጩ ምስኪን እስከ ዛሬ ጨረታ አይጠራም።

ከዚያ ወዲህ የርክክብ ቅጹ ላይ «ዕድሜ» የሚል ዓምድ ተጨምሯል። ያው የግዥ ሠራተኛ ነው የሚሞላው። የገባው ጭነት ሁሉ 3 ዓመት ነው፤ ትናንት የወረደውም፣ ነጭ ዱቄቱ እጄ ላይ እየቀረ።