ከ127 በኋላ የሚጠፉ ትዕዛዞች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የባህል ልብስ ስፌት ቤት ትዕዛዝ የሚመዘግብበት ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለው። የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ አሁን የምከታተለው እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ደህና ይሠራል። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ያስቸግራል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ጎንደር ውስጥ የምር ነው። ጥር 11 እስኪደርስ ሱቁ መቆሚያ የለውም። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ፣ ተለክቶ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ባለቤቷ ቁጥሩን ያስገባሉ፤ ፕሮግራሙ «ትዕዛዙ አልተገኘም» ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ልጄ፣ ሰውየው ፊቴ ቆሞ፣ ስሙ እዚሁ ተጽፎ፣ የለም ይለኛል እኮ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የጠፉት የትኞቹ ቁጥሮች ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ትልልቆቹ ናቸው። ቁጥሩ በየወሩ ከ1 ይጀምራል፤ በሌላው ወር መቶ እንኳ አይሞላም። ሱቁ ሄጄ 127ን አስገባሁ፤ ተገኘ። 128ን አስገባሁ፤ የለም። ከዚህ በኋላ የት እንደምፈልግ ገባኝ።

ኮዱ ውስጥ የትዕዛዝ ቁጥሩ የተያዘው ተራ ቁጥር (ኢንት) ሆኖ ሳይሆን ኢንቲጀር የሚባለው ኦብጀክት፣ ማለትም ቁጥሩን በውስጡ የያዘ ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ ሆኖ ነው። የሚነጻጸረው ደግሞ በድርብ እኩል ምልክት (==) ነው። ጃቫ ላይ ይህ ምልክት በሁለት ኦብጀክቶች መካከል ሲገባ «ዋጋችሁ እኩል ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ሁለታችሁም የምትጠቁሙት አንዱን ኦብጀክት ነው?» ነው ጥያቄው። ከአንድ ጣቃ ተቀደው በአንድ ልክ የተሰፉ ሁለት ቀሚሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ላይ ወጥ ቢፈስ ግን ሌላው አይነካም። == የሚጠይቀው ቀሚሱ ራሱ ያው መሆኑን ነው።

ታዲያ እስከ 127 ለምን ሠራ? ጃቫ በ2004 በወጣው አምስተኛው ስሪት ተራ ቁጥርን በራሱ ወደ ኦብጀክት መቀየር ጀመረ። በቋንቋው ደንብ መሠረት እንዲህ ሲቀየሩ ከ-128 እስከ 127 ያሉት ቁጥሮች ሁልጊዜ ያንኑ ኦብጀክት ይሰጣሉ። ከዚያ ውጭ ላለው አብዛኛውን ጊዜ በየጊዜው አዲስ ይፈጠራል። ስለዚህ በትንንሽ ቁጥር የተሞከረ ኮድ በአጋጣሚ ትክክል ይመስላል። ይህን ባግ (የኮድ ስህተት) ክፉ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ተደብቆ ሱቁ ሲሞላ ብቅ ይላል።

በግምት መቆም ስላልፈለግኩ አይደንቲቲ ሃሽ ኮድ በሚባለው ሜተድ (ዝግጁ የጃቫ ተግባር) የሁለቱንም ኦብጀክቶች፣ በዝርዝሩ ያለውንና የገባውን ቁጥር የያዙትን፣ መለያ አሳተምኩ። ለ127 ያው ቁጥር ወጣ፤ ለ128 የተለያየ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለያው ከተለያየ ኦብጀክቶቹ በእርግጥ ሁለት ናቸው። ተመሳሳይ ከሆነ ግን አንድ ለመሆናቸው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁለት የተለያዩ ኦብጀክቶች አንድ ዓይነት መለያ ሊደርሳቸው ይችላል። የመጨረሻው ዳኛ == ራሱ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነበር፤ ንጽጽሩን ዋጋን ወደሚያነጻጽረው ሜተድ፣ ወደ ኢኳልስ፣ ቀየርኩት። የደንበኛ ስም በስትሪንግ (በጽሑፍ) የሚነጻጸርበትም ቦታ እንደዚሁ። ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ስትሪንጎች አንድ ኦብጀክት ይጋራሉ፤ ከኪቦርድ የገባው ግን ሌላ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ፓይተን ላይ «አንዱ ኦብጀክት ነው?» ብሎ ማንነትን የሚጠይቀው ኢዝ (is) ነው። በተለመደው ፓይተን ከ-5 እስከ 256 ያሉ ቁጥሮች ቀድመው ስለሚቀመጡ እዚያም ያው ማታለያ አለ። ከ3.8 ጀምሮ ኢዝን ከቁጥር ወይም ከስትሪንግ ጋር በቀጥታ ከጻፋችሁ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ደግ አደረጉ። «ምንም የለም» ከሚለው ከነን (None) ጋር ለማነጻጸር ግን ትክክለኛው ኢዝ ነው፤ ነን አንድ ብቻ ነውና። ጃቫስክሪፕት ላይ ሁለት ባዶ ኦብጀክቶች በሦስቱ እኩል ምልክት (===) እንኳ እኩል አይሆኑም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው «== ኦብጀክት ላይ አትጠቀሙ» ይላሉ። አልስማማም። እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ችግር ነበር፤ ሁለት እህትማማቾች አንድ ዓይነት ቀሚስ ያዛሉ፣ የታናሿ ቁመት ሲስተካከል የታላቋም አብሮ ይቀየራል። የሁለቱን ልኬት በዋጋ ማነጻጸር ምንም አይነግረኝም፤ ቁጥሮቹ ሁልጊዜ እኩል ናቸዋ። በ== ስጠይቅ ግን «እውነት» የሚል መልስ መጣ። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ትዕዛዝ ሲከፍት ልኬቱን አልገለበጠም፤ ሪፈረንሱን፣ ማለትም ወደ ልኬቱ የሚጠቁመውን፣ ብቻ ነው ያሻገረው። ሁለት ትዕዛዝ፣ አንድ ልኬት።

ልኬቱን የሚገለብጥ ኮድ ጨመርኩ። የልኬት ኦብጀክቶች ለሚሠሩበት ንድፍ፣ ለክላሱም፣ ኢኳልስ ጻፍኩለት፤ ራሳችሁ ካልጻፋችሁለት የጃቫ ኢኳልስ ከ== የተለየ ሥራ አይሠራም። ኢኳልስን የጻፈ ከኦብጀክቱ ዋጋ መፈለጊያ ቁጥር የሚያወጣውን ሃሽ ኮድንም አብሮ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ በዚያ ቁጥር በሚፈልገው ሃሽ ማፕ የሚባል መዝገብ ውስጥ ያስቀመጠውን መልሶ ላያገኘው ይችላል። አሁን ለእያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ፍተሻ አለ፤ በኢኳልስ «እውነት»፣ በ== «ሐሰት» መውጣት አለበት። ለትዕዛዝ ቁጥሩም ፍተሻው በ127፣ በ128 እና በ1000 ይሄዳል።