የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያዋ መቶ ዶላር ገባች። የሠራሁትን የሞባይል ጌም ከለቀቅኩት 13 ወር ሆኖታል።

የባንኩ መልእክት የደረሰኝ ማክሰኞ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮሚሽኑ ተቀንሶ ወደ 12 ሺህ ብር ገደማ። ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ ትንሽ ከፍ ትላለች። ለ13 ወር ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ ግን ታክሲው ውስጥ ማስላት አልፈለግኩም።

የሞባይል ጌም እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ስንት ታገኛለህ? ዳቦ ጋጋሪ እንዲህ አይጠየቅም። እናቴ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» እላለሁ። አከራዬ እትዬ በቀጥታ አይጠይቁም። «ልጄ፣ መብራቱ በርቶ ያድራል። ሥራው ያዋጣል?» ይላሉ። እኔም የመብራቱን እጨምራለሁ ብዬ አልፋለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ የዚያን የቬትናም ልጅ ታሪክ ያመጡብኛል፣ ፍላፒ በርድ የሚባለውን ጌም የሠራውን። በቀን 50 ሺህ ዶላር ከማስታወቂያ ያስገባ ነበር። ጌሙን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ራሱ ከገበያ እንዳነሳው ግን ማንም አያነሳልኝም።

የእኔ ጌም ስለ ወያላ ነው። አንተ ረዳቱ ነህ። ታክሲው ይሞላል፣ «ሒሳብ! ሒሳብ!» ትላለህ፣ አንዱ 50፣ አንዷ 200፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ የሦስት ሰው አንድ ላይ ይሰጡሃል። «ወራጅ አለ!» ሳይባል መልሱን ለሁሉም አካፍለህ መጨረስ አለብህ። ከተሳሳትክ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ታክሲው ይቆማል። ሐሳቡ የመጣልኝ ከአራት ኪሎ ስሳፈር ነው። ረዳቱ የ12 ሰው ሒሳብ በቃሉ ይዞ ከሾፌሩ ጋር ስለ ኳስ ይከራከር ነበር። በኋላ ግን ጣጣ ሆነብኝ። የታክሲ ታሪፍ በጨመረ ቁጥር እኔም ጌሙን አስተካክዬ እንደገና መልቀቅ አለብኝ። አንዴ ስዘገይ «ወንድሜ በዚህ ሒሳብ የት ነው ታክሲ ያለው? እኔም ልሳፈር» የሚል አስተያየት ጻፉልኝ። ከተጻፉልኝ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

የሠራሁት ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ልክ በ2016 እንቁጣጣሽ ዕለት ዩኒቲ አዲስ ክፍያ አመጣለሁ አለ። ጌሙን አንድ ሰው በጫነው ቁጥር እስከ 20 የአሜሪካ ሳንቲም። እትዬ ዶሮ ወጥ ልከውልኝ እንጀራው እጄ ላይ እያለ ነው ያነበብኩት። ምግቡ አልወርድ አለኝ። ሌሊት ተነስቼ ጎዶ የሚባለውን ነፃውን መማር ጀመርኩ። ጠዋት ረጋ ብዬ ሳነበው ክፍያው በነፃ የሚጠቀመውን ሰው የሚነካው በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሲያገኝና ጌሙም ከ200 ሺህ ጊዜ በላይ ሲጫን ነው። እኔ በወቅቱ 200 ብር አልነበረኝም። በዓመቱ ክፍያውን ራሳቸው ሰረዙት። እስካሁን የምስቀው በራሴ ነው።

ጉግል ፕሌይ ላይ አካውንት ለመክፈት 25 ዶላር ይከፈላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እሱን ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ከፈለችልኝ። የከበደው ሌላው ነው። እኔ በከፈትኩበት ጊዜ በግለሰብ ስም አዲስ የተከፈተ አካውንት ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 20 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክረው ግዴታ ነበር። (በኋላ 12 ሰው አድርገውታል። ለእኔ አልደረሰልኝም።) 20 ሰው ቀላል ይመስላል። ሰፈር ውስጥ የማውቃቸውን ሁሉ ለመንኩ። የሱቁ ልጅ፣ የጀበና ቡናዋ እህቴ፣ የአጎቴ ልጆች፣ ዕቁብ የምንጥላቸው ሁሉ ገቡበት። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ስልኩ ሞልቶበት ከሙከራው ወጣ። 19 ቀረን። ሌላ ሰው ፈልጌ ቀኑን እንደ አዲስ መቁጠር ሆነ። ያን ሰሞን ሰላምታዬ ሁሉ «ደህና አደርክ? አላጠፋኸውም አይደል?» ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ፣ የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው።

ጌሙ ውስጥ ከሚታየው ማስታወቂያ የሚገኘው ገንዘብ 10 ዶላር ሲደርስ፣ ማስታወቂያውን የሚያመጣው የጉግሉ አድሞብ አድራሻህን ለማረጋገጥ ወረቀት ይልካል። በኢሜይል አይደለም፣ በእውነተኛ ፖስታ። ውስጡ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር አለ። ቁጥሩን በ4 ወር ውስጥ ካላስገባህ ማስታወቂያው ይቆማል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። የቤታችን አድራሻ «ከጋራዡ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ነው። ታዲያ ለአባቴ ስነግረው የድሮ የሥራ ባልደረባው ትዝ አሉት። ጡረታ ወጥተዋል፣ ዋናው ፖስታ ቤት ሳጥን አላቸው፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ኪራዩን አቋርጠው አያውቁም።

ጋሼ ሳይጠይቁኝ ፈቀዱ። ቁልፉን ግን አልሰጡኝም። «አብረን እንሄዳለን» አሉ። ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ በእግር ተነስተን፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን፣ ፒያሳን አቋርጠን ቸርችልን ቁልቁል እንወርዳለን። ዝናብ ሲሆን ከአንድ ጥላ ሥር ነን። እሳቸው በየመንገዱ የነበረውን ይነግሩኛል። እዚህ ጋ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እዚያ ጋ ኬክ ቤት። አብዛኛው ፈርሷል፣ መንገዱም ሰፍቷል። «ለእግረኛ ተመችቷል፣ ለትዝታ ግን ጠበበ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ከዚያ ራሳቸው በአነጋገራቸው ሳቁ።

ሳጥኑን ሲከፍቱ በጥንቃቄ ነው። ባዶ። አንዳንዴ የስብሰባ ጥሪ። ለ7 ሳምንት ባዶ ሆነብን። በ8ኛው፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አድራሻውን ደግሜ ሳየው የሳጥኑን ቁጥር ሁለት አሃዝ አገላብጬ ነው የጻፍኩት። ጥፋቱ የእኔው። ጋሼ አልተቆጡም። «የእኔን ቁጥር 40 ዓመት ሰው ሲያገላብጠው ኖሯል» ብለው አለፉት። አስተካክዬ ሁለተኛ ወረቀት ጠየቅኩ። መስከረም 11፣ ከመስቀል በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስስ ነጭ ወረቀት ተኝታ ነበር። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ 3 ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ጋሼ ጠርዟን እየቀደዱ «ይቺ ናት እንዴ?» አሉ። ከዚህ በኋላ ምንም የሚመጣ ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ቢሆንም የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን።

ገንዘቡ የሚላከው ግን 100 ዶላር ሲሞላ ነው። እሱ ሌላ 5 ወር ወሰደ።

እስቲ የማስታወቂያውን ነገር ልናገር፣ ማንም አያምነኝም። አንድ ማስታወቂያ አሜሪካ ባለ ሰው ስልክ ላይ ሲታይና አዲስ አበባ ባለ ሰው ስልክ ላይ ሲታይ ክፍያው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ማስታወቂያው በጨረታ ነው የሚሸጠው። ዕቃ ገዝቶ በካርድ የሚከፍል ተመልካች ላይ ብዙ ተጫራች አለ። በእኛ ላይ የሚጫረት የለም። ለገና ሰሞን ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ልጆች ጌሙን በቲክቶክ ተቀባበሉት። አንድ ቅዳሜና እሁድ 30 የማይሞሉ ሰዎች፣ አገር ቤት ያሉት ተጫዋቾቼ በወር ከሚያስገቡልኝ የበለጠ አስገቡልኝ። የታክሲ ናፍቆት ነው መሰለኝ። እኛ እዚህ ሰልፍ ላይ እያለን እነሱ እየናፈቁት።

ባለፈው ወር ደግሞ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ጌሜን ስትጫወት አየሁ። ልቤ ዘለለ። ዝም ብዬ አየኋት። መልስ ስትሳሳት ታክሲው ቆመ። እዚያ ጋ 30 ሰከንድ ማስታወቂያ ካየች መቀጠል ትችላለች። እንጀራዬ ያለው እዚያች ቁልፍ ላይ ነው። ስክሪኑ «ኢንተርኔት የለም» አለ። ዳታዋን አጥፍታዋለች። ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እንደገና ተሳሳተች፣ እንደገና ጀመረች። ሜክሲኮ እስክንደርስ ያለ አንድ ሳንቲም ተጫወተች። አንድ ጓደኛዬ ያለ ኢንተርኔት እንዳይከፈት አድርገው ይለኛል። እኔም ፓኬጅ ሲያልቅብኝ ምን እንደማደርግ ስለማውቅ አላደረግኩትም። ባሕር ዳር ያለ ልጅ ደግሞ «50 ብር በቴሌብር ልላክልህ፣ ማስታወቂያውን አጥፋልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጌሙ ውስጥ የሚሸጥ ነገር በራሱ በጉግል ክፍያ በኩል ማለፍ አለበት፣ ልጁ ደግሞ ካርድ የለውም። ፈላጊም ሻጭም እያለ ሳንገበያይ ቀረን።

ታዲያ በምን እኖራለሁ? ለሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ እሠራለሁ፣ የሠርግ ጥሪ በቪዲዮ እሠራለሁ። አንድ ድርጅት ለምርቱ ማስተዋወቂያ ትንሽ ጌም አሠርቶኝ ግማሹን ከፍሎኛል፣ ግማሹ «ሰኞ ደውል» ላይ ነው። የወያላው ጌም ማታ ማታ ነው።

ዛሬ ከጋሼ ጋር ወርደን ሳጥኑን ከፈትን። ባዶ። ከዚያ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና ጋበዝኳቸው። ጾም ስለሆነ ሁለታችንም ጥቁር። ስንት እንደመጣ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሒሳብ ሠሩ። «ሐምሌ ላይ ዶላሩ ከመለቀቁ በፊት ቢሆን ኖሮ ከ6 ሺህ በታች ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። እኔ ምንም ሳልጨምር መቶዋ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆነች። ላፕቶፕም እንደዚያው ሆነ እንጂ።

«ቀጣዩስ መቼ ነው?» አሉኝ።

ስልኬን ከፍቼ አሳየኋቸው። 6 ዶላር ከ40 ሳንቲም። መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው አዩት። ከዚያ ስልኩን አልመለሱልኝም። ጌሙን ክፈትልኝ አሉ። ከ200 ብር ላይ የሁለት ሰው ቆርጠው መልስ ሊሰጡ ሲሉ ወራጅ አለ ተባለ። ታክሲው ቆመ።

«እየቆጠርኩ ነበር እኮ!» አሉ ስልኩን። አጠገባችን የተቀመጡት ዞረው አዩን።

ለመቀጠል ማስታወቂያ ማየት እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ዳታዬ በርቶ ነበር፣ ግን የራስን ማስታወቂያ በራስ ስልክ ማየት ክልክል ነው፣ አካውንት ያዘጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቡናቸው ቀዘቀዘ። ስንነሳ የሳጥኑን የዓመት ኪራይ ዘንድሮ ግማሹን እኔ እንድከፍል ተስማማን። ቁልፉ ግን አሁንም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።