የሎሚው ብርሃን ከየት ነው የመጣው?

ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ሎሚ ገዝቼ የሚያበራ፣ በጣም ደቃቅ የካርቦን ቅንጣት (ካርቦን ዶት) ልሠራ ስነሳ ከባዱ ነገር ማብሰሉ መስሎኝ ነበር። ማብሰሉ ግን ቀላል ነው። ጭማቂውን አጠለልኩ፣ ትንሽ ዩሪያ ጨመርኩበት፣ ከዚያ ውስጡ ቴፍሎን የሆነ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሞልቼ (ከዚያ አታሳልፉ፣ ግፊቱ አደገኛ ነው) 180 ዲግሪ ላይ ለ8 ሰዓት ተውኩት። መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ በአዲስ ሎሚ እንደገና ጀምሬያለሁ። የወጣው ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ሱቆች የሐሰት ብር የሚለዩበትን መብራት ሳበራበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ! የብረት (አይረን) ጨው የሟሟበት ውሃ ጠብ ሳደርግበት ደግሞ ደበዘዘ። በቃ፣ በውሃ ውስጥ ብረት መለያ ሠራሁ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ።

የላብራቶሪያችን አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው ያቆሙኝ። «ልጄ፣ ተረጋጊ። አጥበሽዋል?» አሉኝ።

አላጠብኩትም ነበር። ትናንሽ ሞለኪውሎችን እያሾለከ ቅንጣቶቹን የሚያስቀር የዲያሊሲስ ከረጢት አለ፤ ፈሳሹን እሱ ውስጥ አስሬ የተጣራ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት መብራቱን ሳበራ ከረጢቱ ፈዟል፤ ደምቆ የሚያበራው ውጭ ያለው ውሃ ነው። ዝም ብዬ አየሁት። ለካ የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ከዩሪያ ጋር ሲበስል በራሳቸው የሚያበሩ ትናንሽ ሞለኪውሎችም ይወጡታል። የካርቦን ቅንጣቶቹ ራሳቸው እንደ ፈረንጆች በ2004 የተገኙት ተመራማሪዎች የካርቦን ቱቦ ሲያጣሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ማጣራቱን ዘልዬ ነበር። በእነዚህ ቅንጣቶች ሴልን አብርቶ ምስል ለማንሳትም ያው ነው። ሴሉ ውስጥ ያያችሁት ቀለም የቅንጣቱ ይሁን ያልታጠበው ቅሪት ካላወቃችሁ ምስሉ ምንም አይነግራችሁም።

የብረቱም ነገር እንዳሰብኩት አልነበረም። ብረት ራሱ ከመብራቱ የሚወጣውን የማይታይ ብርሃን (አልትራቫዮሌት) ይውጣል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ ምንም ሳይነካ ሊደበዝዝ ይችላል። አሁን መጀመሪያ ብረቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚውጥ ለክቼ አስተካክላለሁ። የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ነው፣ በተጣራ ውሃ የሠራሁት መለኪያ እሱ ላይ ይሠራል ብዬ ማመን አልቻልኩም። መጠኑን የማውቀውን ብረት እዚያው የቧንቧ ውሃ ውስጥ እየጨመርኩ እንደ አዲስ ለካሁ።

ከረጢቱ የታጠበበትን ውሃም ሳላየው አልደፋውም። በየጊዜው እየቀየርኩ፣ የወጣውን በመብራቱ አያለሁ፤ ማብራቱን እስኪያቆም ድረስ ብረት የሚባል ነገር አልነካም።