ሉዊቪል፦ በአንድ ጸጉር ቤት ያረፈድንበት ቅዳሜ

አውቶቡሱ ሲንሲናቲ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ገተረን። መጀመሪያ ተቀያሪው ሾፌር አልመጣም ተባለ፤ ቀጥሎ መጥቶ ነበር ግን ወደ ሌላ መስመር ተላከ ተባለ፤ በመጨረሻ የሚነግረን ሰው ራሱ ጠፋ። ከኮለምበስ ስንነሣ ለልጄ ራታችንን ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ እንበላለን ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። የደረስነው ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ በቦርሳዬ የቋጠርኩት ዳቦ ቆሎ ባይኖር ጦማችንን እናድር ነበር። የሆቴሉ ማሞቂያ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ እንደ ወፍጮ እያጓራ ይነሣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ልጄ ተኛ። እኔ ጣሪያ ስቆጥር ነጋ።

የመጣነው ለቅርጫት ኳስ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከልጅነቱ ጀምሮ ይከተላል፤ ምክንያቱም በአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ በኤን ቢ ኤ ስም ያወጣው ዶኖቫን ሚቼል በኮሌጅ የተጫወተው እዚያ ነው። እኔም ብሆን እንዲሁ ልጅ አጃቢ አይደለሁም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን አስፋልት ሜዳ፣ መረብ በሌለው ቀለበት ለዓመታት ተጫውቻለሁ። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። በእኛ ጊዜ ዘልሎ የሰሌዳውን የታች ጠርዝ በጣቱ የነካ ልጅ ሳምንት ሙሉ ይወራለት ነበር። ዳንክ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ ዘልሎ ከቀለበቱ በላይ ወደ ታች መድፋት፣ በሥዕል ብቻ የምናውቀው ነገር ነበር።

ጠዋት ልጄ ከጨዋታው በፊት ጸጉሬን ልስተካከል አለ። ታክሲው ለአጭር መንገድ 28 ዶላር አስከፈለን። በስልኬ ስመለከት አንዱን ሰፈር ሁለት ጊዜ ዞሮናል፤ ስነግረው ቆጣሪውን በጣቱ አሳየኝና ዝም አለ። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልገባ ዋጋ ተነጋግሬ፣ ተከራክሬ፣ ተስማምቼ ነበር የምሳፈረው። ቆጣሪ ስላለ ብዬ ማመኔ አሁንም ያበሳጨኛል።

ንዴቴ የበረደው ጸጉር ቤቱ ውስጥ ነው። መሐመድ ዓሊ ካደገበት ሰፈር ብዙም የማይርቅ፣ ሦስት ወንበር ያለው ጠባብ ቤት። ልጄ የለበሰውን ቀይ ማልያ ሲያዩ ከየት እንደመጣን ጠየቁን፤ ልጄም ሳይጠየቅ «ከዚህ ቡድን ታሪክ በዳንክ ሚቼልን የሚያክል የለም» አለ። ቤቱ በአንድ አፍ ተነሣ።

ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ ለቴረንስ ዊሊያምስ ተከራከረች። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ሲጫወት አንድም የሜዳ ጨዋታ አላመለጠኝም አለች። አንድ ወጣት ሞንትሬዝል ሃረልን ጠራ፤ ጉልበቱን ሲያወራ ትከሻውን ሰፋ ያደርግ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋና የልጄን ግማሽ ራስ እንደተላጨ ትቶ ወደ እኛ ዞረ። የእሱ ሰው ዌስሊ ኮክስ ነው። የሚያቀርበውን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም።

በአሜሪካ ኮሌጆች ዳንክ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የመጣው በኋላ ካሪም አብዱል-ጀባር የተባለው ሉው አልሲንዶር በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ በዩ ሲ ኤል ኤ ሁለተኛ ዓመቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። የተነሣው በ1976 ነው። ኮክስ ለሉዊቪል የተጫወተው ከ1973 እስከ 1977 ነው። «አራት ዓመት ተጫወተ፤ በሦስቱ እጁን አስረውት ነበር» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ያልተፈቀደለትን ሰው እንዴት ከተፈቀደለት ጋር ታወዳድራላችሁ?»

ያን ጊዜ ነው ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ የተናገሩት። «የተፈቀደ ዕለት ማን እንደመጣ ታውቃላችሁ» አሉ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ዳረል ግሪፊዝ፣ የዚያው ከተማ ልጅ፣ በዚያው በ1976 ከሜል ሃይስኩል ወጥቶ ዩኒቨርሲቲውን ተቀላቀለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ ሲዘል ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ይነሣል ይባልለት ነበር። «ዶክተር ዳንከንስታይን» አሉት፤ ቡድኑም «የዳንክ ዶክተሮች» ተባለ። በ1980 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ዩ ሲ ኤል ኤን 59 ለ54 አሸንፎ ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ሲያመጣ ግሪፊዝ 23 ነጥብ አስቆጠረ።

ሽማግሌው ግን ስለ ዋንጫው አላወሩም። ተነሡ፣ ከወንበሩ መደገፊያ ነጭ ፎጣ አንሥተው ጠቀለሉት፣ እንደ ኳስ በቀኝ መዳፋቸው ያዙት። ድሮ በቡድኑ የቀድሞ አዳራሽ በፍሪደም ሆል ስላዩት አንድ ተራ ጨዋታ ነው የሚናገሩት፤ ተጋጣሚው ማን እንደነበር እንኳን ረስተዋል። ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ መዝለል አልቻሉም፤ በእግራቸው ጣቶች ብቻ ቆሙ። ፎጣውን ከጆሯቸው ኋላ ወስደው አቆዩት። በጣም ረጅም ጊዜ አቆዩት። «እዚህ ላይ» አሉ፣ «ተከላካዩ ወርዷል። እሱ ገና አልወረደም።» ከዚያ ፎጣውን ወደ ታች ሰደዱት። ያቺ ዊሊያምስን ያለች ሴት አጨበጨበች።

አባቴን አስታወሱኝ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ መንግሥቱ ወርቁ በጭማሪው ሰዓት ያገባውን ግብ በቤታችን ምንጣፍ ላይ በብርቱካን ያሳየን ነበር። ምስሉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግቡን ግን አውቀዋለሁ።

ልጄ አልተበገረም፤ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ2018 የኤን ቢ ኤን የዳንክ ውድድር አሸንፏል አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ በዚያ ውድድር ሚቼል የግሪፊዝን የዩታ ጃዝ ማልያ ለብሶ ነው የገባው። ሁለቱም ከሉዊቪል ወጥተው ለዩታ የተጫወቱ ናቸው። ሽማግሌው ልጄን ራሱን ዳበሱትና «ልጄ፣ ሚቼልም የእኛ ነው፤ ግን ማንን እንደለበሰ አትርሳ» አሉት። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ግሪፊዝ ለዘጠኝ ዓመት የተዘጋን በር ሲከፈት የገባ ነው፤ ከተማው ሁሉ እስከ ዛሬ በዚያ በር ይመላለሳል።

ጸጉር አስተካካዩ ቀሪውን ግማሽ ጨርሶ 20 ዶላር ብቻ ተቀበለኝ፤ ጉርሻም አልፈልግም አለ። ሽማግሌው በገዛ መኪናቸው ኦሃዮ ወንዝ ዳር እስካለው ኬ ኤፍ ሲ ያም ሴንተር አደረሱን። ለቤንዚን ብዬ 10 ዶላር ስሰጣቸው እጄን በቀስታ መለሱት።

አዳራሹ 22 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ቦታችን ጣሪያው ሥር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ በሁለት እጁ ዳንክ ሲያደርግ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌዎች ከጭብጨባው በፊት እርስ በርስ ተያዩ።

ሲመለስ አውቶቡሱ በሰዓቱ ነበር። ልጄ መንገዱን ሙሉ በስልኩ የድሮ ጨዋታዎችን ሲፈልግ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በኮሌጆቹ ብሔራዊ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሂዩስተን ሉዊቪልን 94 ለ81 ያሸነፈበትን፣ ኦላጁዋንና ድሬክስለር ያሉበትን አገኘ። የሽማግሌውን ግን አላገኘውም።

ቤት እንደገባን አባቱ ጉዞው እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀው። ልጄ ሶፋው ላይ የነበረውን ነጠላዬን አንሥቶ ጠቀለለው፣ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ከጆሮው ኋላ ወስዶ አቆየው። «እዚህ ላይ» አለ፣ «ተከላካዩ ወርዷል።»