ሁለት ኪሎ ብረት፣ አምስት ግራም ሻማ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ቦርሳው ውስጥ የንድፍ ወረቀትና ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ሻማ አለ። ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል። ቶርኖ ቤቱ ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ? የቦንብ ቀፎ?»

ካሎሪሜትር ነው አልኳቸው። ቴርሞሜትር አንድ ነገር ምን ያህል እንደሞቀ ይናገራል። ይሄኛው ደግሞ ስንት ሙቀት እንደገባበት ይቆጥራል።

ሻማውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሻማ ሲቀልጥ ያብጣል። ስለዚህ አጥብቀው ሲጫኑት ቶሎ አይቀልጥም፣ ይበልጥ መሞቅ አለበት። በረዶ ተቃራኒው ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት በ1,000 አትሞስፌር ግፊት ሻማው ሲቀልጥ ስንት ጁል ሙቀት እንደሚወስድ ነው።

«ሺው በእኛ ስንት ነው?»

«በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ቶን።»

«ቀዳዳው ሁለት ሳንቲም ነው። ክዳኑን ሦስት ቶን ሊገፋው ነዋ!» ካልኩሌተር አልነኩም። «ወፍራም እስቴንለስ ነው የሚያዋጣህ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ቆይ፣ ግድግዳው ሙቀቱን አይበላብህም?»

ወራት የፈጀብኝን ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ደረሱበት። አምስት ግራም ሻማ ለመቅለጥ 1,000 ጁል አካባቢ ይበቃዋል። ሁለት ኪሎ እስቴንለስ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ብቻ ለመሞቅ ያንኑ ያህል ይውጣል። ግፊቱ ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል፣ ልኬቱ ስስ ይወዳል። እንዴት ይታረቁ?

መላው ሁለት ማድረግ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሲሊንደሮች፣ አንድ ትልቅ የአልሙኒየም ግንድ ውስጥ ጎን ለጎን። አንዱ ውስጥ ሻማ አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም። አብረው በቀስታ ይሞቃሉ። የብረቱ ድርሻ እኩል ስለሆነ ይጣፋል፤ የሚተርፈው ልዩነት የሻማው ነው። ልዩነቱን የሚያነቡት ቴርሞኮፕሎች (የሙቀት መጠን የሚለኩ ሽቦዎች) ከውጭ ስለሚለጠፉ ሽቦ ግፊት ውስጥ ማስገባት ቀረልኝ። ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ባለፈው ዓመት አይቼዋለሁ፣ አይወራም።

ግፊቱን የሚያስተላልፈው ውሃ ነው። ዘይት ሻማውን ያሟሟዋል። አየር ደግሞ ሲታመቅ እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ውሃ እምብዛም አይታመቅም።

ክዳኑ ላይ ግን ጋሼ አስተማሪዬ ሆኑ። እኔ በቡሎን ጥርቅም አድርጌ ልዘጋው ነበር። አሮጌ ክሪክ ፈተው የውስጡን ጎማ አሳዩኝ። ዘይቱ በገፋው ቁጥር ጎማው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። የሃርቫርዱ ፐርሲ ብሪጅማን በ1946 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመበት የከፍተኛ ግፊት ሥራ መነሻው እንዲህ ያለ፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚጠብቅ ክዳን ነበር። ይህንን ስነግራቸው «እሱም ክሪክ ይጠግን ነበር?» አሉኝ።

ቀጥለው ሁለቱ ሲሊንደሮች ከአንድ ዘንግ ካልተቆረጡ አልሠራም አሉ። ከተለያየ ዘንግ ከመጡ ልዩነቱ የሻማው ይሁን የብረቱ በምን አውቃለሁ? ልክ ናቸው።

«አንዱ ግን ሻማ የለውም አይደል?» አልኳቸው፣ ዋጋ ላይ ስንደርስ።

«ለኔ ሁለቱም ብረት ነው።»

ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ። ሻማውን እዚያው ረስቼዋለሁ። ትዝ ያለኝ ማታ ቤት መብራት ሲጠፋ ነው።