ጨው የሌለበት በርበሬ፦ እንዴት አዘጋጀሁ፣ የቱ ላይ አበላሸሁ

ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ «ጨው ይቀንሱ» ይባላል። ጨዉ የት እንዳለ የሚነግረው ግን የለም። የጨው ዕቃ ከገበታ አንሱ የሚለው ምክርም ለእኛ ቤት አይሠራም፤ እኛ ጨው የምንጨምረው ገና ወፍጮ ቤት ሳንደርስ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር 6 ሳምንት ሙሉ የድስቱን ጨው ብቻ ስመዝን ባልከረምኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። በቤታችን ልማድ ለ5 ኪሎ ዛላ 1 ኪሎ ጨው ታምሶ ይገባና ከነቅመሙ 6 ኪሎ ያህል በርበሬ ይወጣል። ለአንድ ድስት ወጥ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 40 ግራም በርበሬ ሲገባ፣ ከ6 ግራም በላይ ጨው አብሮ ገብቷል። ምጥን ሽሮውም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ በርበሬውን ያለ ጨው አዘጋጀሁ። መቀንጠሱ፣ ማጠቡ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር መውቀጡ፣ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ማመሱ እንደ ወትሮው ነው። ያበላሸሁት ማድረቁ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ጨው እርጥበቱን ስለሚይዝ ሻጋታ አያሳድግም። እሱ ከቀረ ሁሉም ነገር በድርቀቱ ላይ ይወድቃል። እኔ በ2 ቀን ፀሐይ ላዩ ሲደርቅ አስፈጨሁት፤ የነጭ ሽንኩርቱ እርጥበት ግን ከውስጥ አልወጣም ነበር። ይባስ ብሎ ዱቄቱን ከወፍጮው እንደወጣ በትኩሱ ባልዲ ውስጥ ከደንኩት። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠል ሆኖ ተመልሶ ተንጠባጠበ። በ3ኛው ሳምንት ጓጉሎ ሻገተ። የሻገተውን ገፎ ሌላውን መብላት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይቻልም። በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ጉበት የሚጎዳውን አፍላቶክሲን ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙም በቁሌት አይጠፋም። አንድ ማንኪያ ሳላስቀር ደፋሁት።

ሁለተኛውን ጥር ላይ አዘጋጀሁ። በንጹሕ አንሶላ ላይ ስስ አድርጌ አሰጣሁት፣ ቀን ቀን ደጋግሜ አገላበጥኩት። ሐዋሳ ውስጥ በተለይ ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስገባው፤ ሌሊት ውጭ ያደረ በርበሬ ቀን የደረቀው መልሶ ይረጥባል። 5 ቀን ፈጀ። ቁራጩ ሲታጠፍ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ካልተሰበረ ወፍጮ ቤት አትሂዱ። ከወፍጮው መጀመሪያ የሚወጣው ከእናንተ በፊት ከተፈጨው ጨዋማ በርበሬ ጋር ስለሚቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ። ዱቄቱ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ጨርሶ ከበረደ በኋላ ብቻ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ይከደናል።

ለ4 አዋቂ የሳምንቱ ጣሪያ 140 ግራም ጨው ነው። እኔ 100 ግራም ብቻ መዝኜ አስቀምጣለሁ፤ የቀረው ዳቦው ውስጥ አለ። አዮዲን ያለውን ገዝቼ ድስቱ ሊወጣ ሲል እጨምራለሁ። የሾርባ ኩብ ቤት አይገባም፤ አብዛኛው ጨው ነው። ወጡ ለጥቂት ሳምንታት አልጫ አልጫ ይላል፣ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። እስከዚያው በሶብላና ጤና አዳም ይረዳሉ።

ግፊት ሲለካ 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ አልፎ ይሁን። ቁጥሩ ቢወርድም ክኒኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። ፖታሲየም ያለበትን ምትክ ጨው ደግሞ ኩላሊቱን የታመመ ወይም ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።