የዶሮው እግር ጥሬውን፣ ሳንባው ተቀቅሎ

ውሻዬን ዳማን ጥሬ ሥጋ እንደምመግበው የሰማ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚለኝ «ያብድብሻል!» ነው። የሚገርመው ይህን የሚሉኝ በየበዓሉ ቁርጥ በአዋዜ እያጠቀሱ የሚበሉ ጎረቤቶቼ መሆናቸው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ፣ በታመመ እንስሳ ንክሻና ለሃጭ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ከሥጋ ጥሬነት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዳማ በየዓመቱ ይከተባል። ያልተከተበ ውሻ ሽሮ ፍትፍት እየበላም ያብዳል።

ደግሞስ በሰሜን ሸዋ ውሻ ጥሬ መብላቱ ከመቼ ወዲህ ነው አዲስ ነገር የሆነው? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በአባቴ ደጅ በግ በታረደ ቁጥር ውሾቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው ድርሻቸውን ይጠብቁ ነበር። ሳንባው፣ መልኩ ያላማረው ጉበት፣ በጉ ታሞ የታረደ እንደሆነም ጭንቅላቱ ይወረወርላቸዋል። ዛሬ በምኖርበት በደብረ ብርሃንም በበዓል ሰሞን መንደሩን የዞረ ሰው፣ ውሻ ሁሉ አንድ ነገር በአፉ አንጠልጥሎ ሲሮጥ ያያል። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የትኛውን ብልት ይብላ፣ ከየት የመጣውን፣ የቱን ጥሬውን፣ የቱንስ ተቀቅሎ የሚለው ነው።

የታሸገ የውሻ ምግብ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ቢሉም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ዳማ ያደገው እንደ ማንኛውም የግቢ ውሻ በፍርፋሪ ነው። በእኛ አገር ፍርፋሪ ደግሞ ሽንኩርት የተቁላላበት ወጥ የነካው እንጀራ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ትንሽ በትንሹ ሲደጋገም ደም ያሳንሳል፤ ብዙ ከበላም ይገድላል። «አያቶቻችን ሲሰጡ ኖረው የለ?» የሚሉኝ አሉ። አያቶቻችን የሞተውን ውሻ ሆድ ከፍተው አላዩም።

ለቤት ውሻ ጥሬ መመገብን በዓለም ላይ ያስፋፋው አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ። የደጋፊዎቹ መከራከሪያ ውሻ የተኩላ ዘመድ ነውና እንደ ተኩላ ይብላ የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት ውሻ ከሰው ጋር ከተላመደ ወዲህ ስታርች የሚፈጭለት ዘረመል ከተኩላው ይልቅ እጅግ እንደበዛለት አሳይቷል። እንጀራ ለውሻ ጠላት አይደለም ማለት ነው፤ ዳማ ዛሬም ወጥ ያልነካው ደረቅ እንጀራ ይበላል።

እኔ ከሩቅ አገር ተኩላ ይልቅ የማስበው የመንዝ ጓሳን ቀይ ቀበሮ ነው። አይጥ ከያዘች ጸጉር፣ አጥንት፣ ሆድ ዕቃ ብላ አትለይም፤ ሙሉውን ትሰለቅጠዋለች። ለውሻዬ ጥሬ ልስጥ ብሎ ንጹሕ ቀይ ሥጋ ብቻ የሚሰጥ ሰው ይህን አላስተዋለም። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ በብዛት፣ ካልሲየም ግን በጣም ጥቂት አለው። ጉድለቱን ለመሙላት ሰውነት ከራሱ አጥንት ላይ ይቆፍራል፤ ቡችላ ከሆነ እግሩ ይጎብጣል፣ አጥንቱም በትንሽ ነገር ይሰበራል። (የቀይ ቀበሮ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ጓሳ አካባቢ ውሻ ያላችሁ እባካችሁ አስከትቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮዎች ይሻገራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።)

በተለምዶ የሚሠራበት ልክ ከመቶው 80 እጅ ሥጋ፣ 10 እጅ የሚታኘክ አጥንት፣ 10 እጅ የሆድ ዕቃ ነው፤ ከሆድ ዕቃውም ግማሹ ጉበት። ልብና ጨጓራ ከሥጋው ይቆጠራሉ። አዋቂ ውሻ በቀን የክብደቱን ከመቶ 2 እስከ 3 እጅ ይበላል። ዳማ ወደ 20 ኪሎ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ውስጥ 25 ግራሟ ጉበት ናት። ጉበት በዛ ማለት ቫይታሚን ኤ በዛ ማለት ነው፤ እሱም ሲጠራቀም ይጎዳል። ደግነቱ በእኛ ቤት ጉበት ለዱለት ይፈለጋልና ለዳማ ከዚያ በላይ አይተርፈውም።

እማዬ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «የሰው ልጅ ያላገኘውን ሥጋ ለውሻ?» አለችኝ። ልክ ናት፤ እኔም ሰው የሚበላውን ሥጋ ለእሱ ገዝቼ አላውቅም። የሚበላው ሰው የሚጥለውን ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ስትወጣ እግሯና ጭንቅላቷ በአብዛኛው ይጣላል። የበዓል ዋዜማ ከየቤቱ ሰብስቤ እወስዳለሁ። የዶሮ እግር አጥንቱ ለስላሳ፣ ጅማቱ ብዙ ነው፤ ጥሬውን ሲታኘክ ይደቅቃል፤ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ እንደሆነ ግን አጥንቱ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከወጥ ድስት የወጣ የዶሮ አጥንት ለውሻ የሚሰጥ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የበሬ ቅልጥም ደግሞ ጥሬም ቢሆን ጥርስ ይሰብራል፤ ዳማ አይሰጠውም።

የበሬ ጉሮሮ ውሾች ይወዱታል፤ ሉካንዳዎችም አይሸጡትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በሰው ላይ እንቅርት የሚያብጥበት ዕጢ በበሬውም ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ከነዕጢው አዘውትሮ የበላ ውሻ በሆርሞን ብዛት ይታመማል፤ ይከሳል፣ ይቅበጠበጣል፣ ውሃ አይጠግብም። እኔ ዕጢውን ከነዙሪያው ቆርጬ እጥላለሁ።

የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ውሻንም ድመትንም ጥሬ መመገብን አይደግፍም፤ ምክንያቱም ሳልሞኔላና መሰል ባክቴሪያዎች ናቸው። ውሻው ራሱ ሳይታመም በለሃጩና በዓይነ ምድሩ ለቤተሰቡ ሊያደርስ ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ባክቴሪያን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ቤታችሁ ውስጥ ጨቅላ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ካለ ሁሉንም ቀቅሉ፤ ለአጥንቱም የእንቁላል ቅርፊት ተኩ።

በዚህ ጉዳይ ከማኅበሩ ቀድማ መመሪያ ያወጣችው እማዬ ናት። የውሻ ሥጋ የነካ ቢላዋ ወጥ ቤት እንዳይገባ ከለከለች። እሷ የምትጠብቀው የጾም ዕቃ እንዳይረክስባት ነው፤ ውጤቱ ግን ማንም ሐኪም የሚያዘው ነው። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ሳህኑ ሁሉ ጓሮ ነው የሚቀመጠው። ሳህኑ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይነሣል፤ ዝንብ አይጠብቅም። ሲበላ ልጅ አይጠጋውም፤ አጥንት የያዘ ውሻ ከጌታውም ጋር አይተዋወቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሰሜን ሸዋ ጥሬ መመገብ የሚያስፈራኝ ከሳልሞኔላ ይልቅ በሳንባ፣ በጉበትና በበግ ጭንቅላት ምክንያት ነው።

በግ ያረባ ሁሉ አዙሪትን ያውቀዋል። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ በአንድ ቦታ ይዞራል፤ ከመንጋው ይነጠላል፤ መጨረሻው ቢላዋ ነው። አባዬ እንዲህ ያለ በግ ባረደ ጊዜ ጭንቅላቱን አስፈልጬ አሳየሁት። አንጎሉ ላይ እንቁላል የሚያክል ውሃ ያዘለ ከረጢት ነበረ፤ በስሱ ቆዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባስበዋል። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ትል ራስ ናት። ውሻ ያንን ሲበላ ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ሌላው በግ ይግጠዋል፤ ከአንጀቱ ተነሥቶ አንጎሉ ላይ ይሰፍራል። አባዬ አዳመጠና «ታዲያ በጎቼን የፈጃቸው የራሴ ውሻ ነዋ!» አለ። አሁን የዞረበትን በግ ጭንቅላት አርቆ ቆፍሮ ይቀብራል፤ ላዩን በድንጋይና በእሾህ ይከድናል።

ሁለተኛው ትል ይብሳል፤ ሰውን ይነካልና። ጉበትና ሳንባ ላይ የምናየው ውሃ የቋጠረ እብጠት ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ሲያድግ ርዝመቱ ከ7 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ በዓይን ተፈልጎ አይገኝም፤ ውሻውም ጤነኛ ይመስላል። እንቁላሉ ግን ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይውጠዋል፤ ከዚያ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ቁርጥ በልተን የምንይዘው ኮሶ ሌላ ነው፤ የሚመጣው ከከብት ሥጋ ነው፤ ውሻ እጁ የለበትም።

ስለዚህ በእኔ ቤት ሳንባና ጉበት ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስል ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ይንተከተካል። ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ከ10 ቀን በላይ ሳይቋረጥ ቢቆይ ትሉን ይገድላል፤ መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ግን «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ማን ይፈርምልኛል? ጥሬነት ሃይማኖት አይደለም፤ ሲያስፈልግ ድስት ይጣዳል። በዚያ ላይ ዳማ በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት ይውጣል፤ በኪሎ 5 ሚሊግራም። ስድስት ሳምንት የሆነበት ምክንያት ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከዚያ ገደማ በኋላ ስለሆነ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ከለመደው ምግብ ጥቂት ቀንሳችሁ በቦታው አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ጨምሩ፤ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ እያበዛችሁ ሂዱ። ዓይነ ምድሩ ይነግራችኋል፤ ከቀጠነ ጉበቱ ወይም ስቡ በዝቷል፤ ነጭና ደረቅ ሆኖ ከተፈረፈረ አጥንቱ በዝቷል። ጸጉሩ ማብራቱን ሁሉም ይጠቅሳል፤ የዳማም አብርቷል፤ ግን ያ የጥሬነት ተአምር ሳይሆን በአብዛኛው የስብ ሥራ ነው። ቡችላ ያላችሁ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ሳትማከሩ አትጀምሩ፤ የካልሲየሙ ልክ ሲዛባ በሚያድግ አጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም።

ፈረንጆቹ ያልጻፉት ችግር ዐቢይ ጾም ነው። ሉካንዳው ለ55 ቀን ሲዘጋ ጥሬ የለመደ ውሻ ምን ይብላ? እማዬ «ውሻ አይጾምም፤ እኛ እያየነው ግን ሥጋ አይበላም» ብላ ፈርዳለች፤ ስለዚህ የሚበላው ከጓሮ፣ ከመሸ ነው። በቅበላ ሰሞን የዶሮ እግርና የተቀቀለ ሳንባ አጠራቅማለሁ፤ መብራት ከጠፋና ከቀለጠ ሁሉም ይቀቀላል፤ የተቀቀለው እግር አጥንቱ ወጥቶ ሥጋውና ቆዳው ብቻ ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚያድነኝ እንቁላል ነው። ዶሮዎቹ አይጾሙም፤ የእንቁላሉም ዋጋ በጾም ወቅት ይረክሳል። ቅርፊቱን ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ እንደ ዱቄት አልሜ እፈጨዋለሁ፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ስላላት አጥንት በሌለበት ቀን ትተካዋለች።

የሉካንዳው ጋሼ ጉሮሮውንና ትርፍራፊውን ሲጀመር «ውሰጂው እቴ፣ ከመጣል ይሻላል» እያለ በነፃ ይሰጠኝ ነበር። ስለ ዳማ ያወራሁላቸው ጎረቤቶች ሁለት ሦስት ሆነው መጠየቅ ሲጀምሩ ጉሮሮው ዋጋ ወጣለት። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ተራ ጠብቂ ተባልኩ።